በጎንደር ጓሮ ንብን ከክረምት ማሻገር

ጎንደር ላይ ክረምት ንብ የሚያጠፋው በብርድ አይደለም። ንቦች ተሰብስበው ዕጭ፣ ማለትም ገና ያላደገው የንብ ልጅ፣ ያለበትን ክፍል ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ማቆየት ይችላሉ፤ ለዚህ የሚያነድዱት ማገዶ ማር ብቻ ነው። ማሩ ሲያልቅ፣ ጣራው አፍስሶ ውስጡ ሲረጥብ ወይም ጉንዳን በሌሊት ሲገባ ነው ኅብረ ንቡ የሚያልቀው። ካላለቀም ቀፎውን ጥሎ ይኮበልላል። እናም በጓሮው ንብ የያዘ ሰው የክረምት ሥራው ሦስት ነው፦ ምግብ፣ ጣራ፣ ጉንዳን። ከዚህ ገሚሱ ዝናቡ ሳይገባ፣ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ማለቅ አለበት። ሐምሌ ላይ ጭቃ እየረገጡ ቀፎ ማስተካከል ለሰውም ለንብም አይበጅም።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። የእኛ ንብ ለማዳ አይደለም። ቀፎ ስለገባ የዱር ጠባዩን አይተውም፤ ከተራበ፣ ከረጠበ ወይም በየጊዜው ከተነካካ ንግሥቲቱን ይዞ ይሄዳል። የአውሮፓ ንብ አናቢ ክረምት ላይ የሚፈራው ቀፎ ሙሉ የሞተ ንብ ማግኘትን ነው፤ እኛ የምንፈራው ባዶ ቀፎ ነው። ስለዚህ ከባሕር ማዶ የተጻፈውን ምክር ሁሉ፣ ለምሳሌ ቀፎን በወፍራም ነገር መጠቅለልን፣ እንዳለ መቅዳት ትርፉ ድካም ነው። በረዶ ወርዶ ወራት በሚተኛበት አገር የሚያስፈልግና ዝናብ በየቀኑ በሚወርድበት በእኛ ደጋ የሚያስፈልግ ይለያያል።

ግንቦት ላይ ማሩን ሁሉ አትቁረጡ

በእኛ አካባቢ ዋናው ማር የሚቆረጠው አደይ አበባና ኑግ ካበቡ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ከበጋው በኋላ ደግሞ የበልጉ ጠብታ ሲመጣ፣ ብሳናውና ባሕር ዛፉ ሲያብብ ሁለተኛ ማር ይገባል። ይህን ሁለተኛውን ማር ብዙ ሰው እንደ ትርፍ ስለሚያየው ሰኔ ሳይገባ ጠራርጎ ይቆርጠዋል። ለንቡ ግን የሐምሌና የነሐሴ ስንቁ ነው። ዝናብ ሙሉ ቀን ሲወርድ ንብ አይወጣም፤ ቢወጣም ዝናቡ ያጠበው አበባ ላይ የሚላስ ነገር አያገኝም።

ዘመናዊ ቀፎ ያላችሁ ከላይኛው ሳጥን ብቻ ቁረጡ፤ ንግሥቲቱ ያለችበትን የታችኛውን አትንኩ። በሁለቱም ገጹ የሰም ክዳን በለበሰ ማር የተሞላ የዛንደር (የዘመናዊ ቀፎ ዓይነት ነው) ፍሬም፣ ማለትም የሰም እንጀራው የሚሠራበት የእንጨት ክፈፍ፣ 2 ኪሎ ግራም ያህል ማር ይይዛል። ለጠንካራ ኅብረ ንብ እንዲህ ያለ አራት ወይም አምስት ፍሬም ይቅርለት እላለሁ፤ ለጋስ ከሆናችሁ ስድስት። ከቆረጣችሁ በኋላ ባዶውን የላይኛውን ሳጥን አውርዱት። ንቡ ሊያሞቀውና ሊጠብቀው የማይችለው ትርፍ ክፍል የሰም እራት መራቢያ ይሆናል፤ ትሏ እንጀራውን እየበሳች ድር ስትሠራበት ከርማ መስከረም ላይ የምታገኙት ዱቄትና ድር ነው።

ባህላዊ ቀፎ ላይ መለካት ይከብዳል፤ ግን የራሱ ምልክት አለው። ንቡ በሚገባበት በኩል ዕጭ፣ በኋላ በኩል ማር ነው። ከኋላ ስትከፍቱ መጀመሪያ የምታገኙት ነጣ ያለና ወፍራም የማር እንጀራ ነው። ወደ ውስጥ በገባችሁ ቁጥር ቀለሙ እየጠቆረ ይሄዳል። ቡናማና ደረቅ ክዳን የለበሰ እንጀራ፣ ማለትም ዕጭ፣ ካጋጠማችሁ ከሚገባው በላይ ቆርጣችኋል ማለት ነው፤ ከዚያ ቀድሞ ቢያንስ ሁለት ሦስት የማር እንጀራ ሳይነካ መቅረት ነበረበት። የሚቀረው ማር ገበያ ላይ ስንት ብር እንደሚያወጣ እያሰቡ መቆጨት ያለ ነው። ባዶ ቀፎ ግን ጥቅምት ላይ ለጠጅ የሚሆን እንኳ አይሰጥም።

ጣራና ልስን

በጭቃና በእበት የተለቀለቀ ቀፎ ካላችሁ፣ ልስኑን የምታድሱት ፀሐይ በሚያደርቅበት ወቅት ነው። በግንቦት የተለቀለቀ እበት ሰኔ እስኪገባ ጠንክሮ ይቆያል፤ በሐምሌ የተለቀለቀ ግን ሳይደርቅ ይሻግታል፣ ሽታውም ንቡን ያውካል። ስንጥቁን ሁሉ በጣት እየዳበሳችሁ ፈልጉ። የእጃችሁ ጥፍር የሚገባበት ስንጥቅ ለጉንዳንም መንገድ ነው።

የቆርቆሮ ጣራ ዝናብ ይከለክላል፤ ግን ሁለት ጣጣ አለው። በረዶ ሲወርድበት ጩኸቱ ቀፎውን ይረብሸዋል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ የንቡ ትንፋሽ ከሥሩ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ በቆርቆሮውና በቀፎው መካከል ሣር ወይም ገለባ የተሞላ ማዳበሪያ አንጥፉ። ገለባው ደረቅ መሆኑን በየሁለት ሳምንቱ ጎተት አድርጋችሁ እዩ፤ ከረጠበ ለውጡት። ጣራው ከቀፎው ፊት አንድ ክንድ ያህል ወጣ ብሎ በረንዳ ይሥራ። ላዩ ላይ ድንጋይ ጫኑበት፣ ወይም በሽቦ እሰሩት።

ቀፎው ወደ መግቢያው በኩል ጣት ያህል ዘንበል ይበል። ጠፍጣፋ የተቀመጠ ቀፎ የገባበት ውኃ መውጫ ያጣል። መግቢያው ወዴት ይዙር ለሚለው ጥያቄ ኮምፓስ አያስፈልግም፤ የቤታችሁን ግድግዳ ተመልከቱ። ካቻምናም ዘንድሮም ቀለሙ የተላጠውና ሻጋታ የያዘው ግድግዳ ዝናቡ ከየት እንደሚመታ ይነግራችኋል። መግቢያውን ከዚያ አዙሩት፤ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ፀሐይ ረፋድ ላይ ብልጭ ብላ ከሰዓት በኋላ በምትጠፋበት በዚያ ወቅት ጠዋት ቶሎ የሞቀ ቀፎ ከዝናቡ በፊት ጥቂት ሰዓት ይሠራል።

መግቢያውንም አጥብቡት። ንቦች ሁለት ሦስት ሆነው የሚያልፉበት፣ ከፍታው አይጥ የማያስገባ መሆን አለበት። ጠባብ በር ጥቂት ዘበኛ ይበቃዋል።

ጉንዳን

ብዙ ሰው ክረምት ላይ ንቡ የጠፋበትን ምክንያት ሳያውቅ «ኮበለለ» ብሎ ይተዋል። መንስኤው ብዙ ጊዜ ጉንዳን ነው። አፈሩ ሲረጥብ ጉንዳን በሰልፍ ይወጣል፤ አንድ ሌሊት ያገኘውን ቀፎ ዕጩንም ማሩንም ይጨርሰዋል። ንቡ ወይ ይሸሻል ወይ ተዋግቶ ያልቃል። ጠዋት የምታገኙት ባዶ እንጀራና የተቆራረጠ ክንፍ ነው።

ቀፎው መሬት ላይ ወይም ግድግዳ ላይ ተደግፎ አይቀመጥ። አራት እግር ባለው ማስቀመጫ ላይ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት። የማስቀመጫውን እግሮች የተቃጠለ ዘይት ባለባቸው ጣሳዎች ውስጥ ማቆም የተለመደ ነው፤ በበጋ በደንብ ይሠራል። ክረምት ላይ ግን ዝናቡ ጣሳውን ይሞላዋል፣ ዘይቱ ከውኃው በላይ ይንሳፈፍና በጠርዙ ፈስሶ ያልቃል። ባለቤቱ ዘይት አለ ብሎ ተማምኖ ሲተኛ ጣሳው ውስጥ ያለው ውኃ ብቻ ነው፤ እሱም ቅጠል ከወደቀበት ድልድይ ይሆናል። ስለዚህ ክረምት ላይ ጣሳውን ተዉትና በእግሩ የላይኛው ክፍል፣ ከቀፎው ወለል ሥር ዝናብ በማይደርስበት ቦታ፣ አራት ጣት ስፋት ያለው ወፍራም ግሪስ ዙሪያውን ቀቡ። አቧራና የሞተ ነፍሳት ሲለጥፍበት መንገድ ስለሚሆን በየሳምንቱ ጠርጋችሁ አድሱት።

ከግሪሱ እኩል የሚያስፈልገው ማጭድ ነው። በክረምት ሣር ቶሎ ጉልበት ይደርሳል፤ አንድ ዘለላ ሣር ወይም የዱባ ሐረግ ቀፎውን ከነካ ግሪሱ ሁሉ ከንቱ ነው። በቀፎው ዙሪያ አንድ ሜትር ተኩል ያህል መሬት ጥርግ ብሎ ይዋል፤ አመድ ይነስነስበት፤ ዝናብ ሲያጥበው ደግሞ እንደገና። የጉንዳን ሰልፍ ወደ ጓሮው ሲመጣ ካያችሁ ፍም ያለበት አመድ በሰልፉ ላይ አፍስሱ፣ ግን ከቀፎው ራቅ ብላችሁ። ለቤት ተባይ የሚረጨውን መድኃኒት በቀፎ አካባቢ መርጨት ጉንዳኑንም ንቡንም አብሮ መጨረስ ነው።

ሐምሌ፦ ከውጭ ማየት

ሐምሌ ላይ ቀፎ አትክፈቱ። በከፈታችሁ ቁጥር ሙቀቱ ይወጣል፣ ዕጩ ይቀዘቅዛል፣ የተራበውም ንብ ይቆጣል። የሚፈለገውን ያህል ወሬ ከውጭ ማግኘት ይቻላል።

ዋናው ክብደት ነው። ቀፎውን በኋላ በኩል በአንድ እጅ ጣት ያህል ብቻ ብድግ አድርጉት። ሰኔ መጨረሻ ላይ እንዲህ ካደረጋችሁ እጃችሁ ያንን ክብደት ያስታውሰዋል፤ በየሳምንቱ ስትደግሙት መቅለሉ ይታወቃችኋል። ስሜታችሁን ካላመናችሁ ተንጠልጣይ ሚዛን ከኋላው ጠርዝ ላይ አያይዛችሁ ሳቡና ቁጥሩን ጻፉ። የጠቅላላ ክብደቱ ግማሽ ያህል ነው የሚያሳየው፤ ግን እዚህ የምንፈልገው ልዩነቱን እንጂ ድምሩን አይደለም።

ሁለተኛው የመግቢያው ደጃፍ ነው። ጠዋት ጠዋት መሬቱን እዩ። ጥቂት የሞቱ ንቦች መውደቃቸው ያለ ነው። ድንጉላዎች (ወንዶቹ ንቦች) እየተጎተቱ ሲባረሩ ካያችሁ ቤቱ መቆጠብ ጀምሯል ማለት ነው፤ ይህ ገና አደጋ አይደለም። ነጭ፣ ገና ክንፍ ያላወጣ ዕጭ ተጥሎ፣ ያውም ተመጥጦ ቅርፊቱ ብቻ ቀርቶ ካገኛችሁ ግን ረሃቡ ገብቷል፤ ልጆቻቸውን መብላት ጀምረዋል። በዚያው ምሽት አብሏቸው (የስኳር ውኃው አዘገጃጀት ከታች አለ)፣ ለነገ አታሳድሩ። ከዚህ ካለፈ በእንጀራው ቀዳዳዎች ውስጥ ጭንቅላታቸውን ቀብረው፣ የኋላ ጫፋቸው ብቻ እየታየ የሞቱ ንቦች ታገኛላችሁ። የመጨረሻዋን ጠብታ ሲልሱ የሞቱ ናቸው።

ሦስተኛው ጆሮ ነው። ማታ ጆሮአችሁን ቀፎው ጎን ላይ ለጥፋችሁ በጣት መታ አድርጉ። «ቩም» ብሎ ወዲያው ጸጥ ካለ ደኅና ነው። የተበታተነ፣ የሚያለቅስ የሚመስል ረጅም ድምፅ ከሆነ ንግሥቲቱ ስለመኖሯ ተጠራጠሩ።

የግድ መክፈት ካለባችሁ ዝናብ የሌለበትን አመሻሽ፣ ብርሃን ሳይጠፋ 11 ሰዓት ገደማ ምረጡ። ኩበት አጭሱ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ዝጉ። ንቡ ቢቆጣ እንኳ ጨለማው ቶሎ ያስገባዋል።

የነሐሴ ሒሳብ

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይባላል። ለሰው እውነት ነው፤ ለንብ ግን ከቡሄ እስከ መስቀል ያሉት ሳምንታት ከሐምሌ ይከፋሉ። በሐምሌ ንግሥቲቱ እንቁላል ቀንሳለች፣ ቤቱም በቁጠባ ይኖራል። ነሐሴ ጋብ ማለት ሲጀምር እንደገና መጣል ትጀምራለች፤ የሚበላው ዕጭ ይበዛል፣ ጎተራው ግን ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። አበባው ሊፈነዳ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሚራበው ኅብረ ንብ ብዙ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል እስከ ሙሉ ንብ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጅባታል። ከተፈለፈለች በኋላ ሌላ ሦስት ሳምንት ያህል ዕጭ እየመገበች፣ ሰም እየሠራች ቤት ውስጥ ትቆያለች፤ ወደ አበባ የምትወጣው ከዚያ በኋላ ነው። በድምሩ ስድስት ሳምንት። መስከረም አጋማሽ ላይ አደይ አበባው ሜዳውን ሲያለብሰው የምትሰማራው ንብ እንቁላሏ የተጣለው፣ ጳጉሜንን ጨምረን ወደ ኋላ ስንቆጥር፣ ነሐሴ 8 አካባቢ ነው። የጥቅምቱ ማር ብዛት የሚወሰነው ቡሄ ከመድረሱ በፊት ነው ማለት ነው። ስለዚህ ማር ተርፏቸው እንኳ ቢሆን ከነሐሴ መጀመሪያ ጀምሮ ጥቂት ጥቂት መመገብ ንግሥቲቱን ያነሣሣታል።

አዘገጃጀቱ እንዲህ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አፍሉ። ከእሳት አውርዱት፤ ይህን አትዝለሉት፣ ስኳሩ እሳት ላይ መብሰል የለበትም። አንድ ኪሎ ግራም ነጭ ስኳር ጨምራችሁ ጥርት እስኪል አማስሉ። ከአንድ ሊትር ተኩል ትንሽ የሚበልጥ የስኳር ውኃ ይወጣችኋል፤ ግማሽ ግማሽ ሊትር ስታደርጉት ለሦስት ጊዜ ይበቃል። የተቃጠለና የጠቆረ ስኳር የንብን ሆድ ያውካል። ከገበያ የተገዛ፣ ከየት እንደመጣ የማታውቁትን ማርም አትስጡ፤ የዕጭ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ለዘመናዊ ቀፎ የጃም ጠርሙስ ይበቃል። ክዳኑን በቀጭን ምስማር አሥር ያህል ቦታ ብሱ፣ ለብ ያለውን የስኳር ውኃ ሙሉና ገልብጣችሁ በውስጠኛው ክዳን ቀዳዳ ላይ አስቀምጡ። ስትገለብጡት መጀመሪያ ጥቂት ጠብታ ይወርዳል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ማንጠባጠቡን ካላቆመ ወይ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ወይ ክዳኑ አየር ያስገባል፤ ሌላ ክዳን ፈልጉ። ጠርሙሱን በባዶ ሳጥን ከባችሁ ጣራውን ክደኑበት። ለባህላዊ ቀፎ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ጭድ አንጥፉ፣ የስኳር ውኃውን ጭዱ ብቅ እስኪል ድረስ ብቻ አፍስሱና በኋላ በኩል አስገቡ። ጭዱ መቆሚያቸው ነው፤ ያለ እሱ ግማሾቹ ሰምጠው ያድራሉ። ጠዋት ሳህኑ ተልሶ ጭዱ ደርቆ ታገኙታላችሁ።

ሁልጊዜ የምታበሉት ማታ፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ነው። ቀን ላይ የስኳር ሽታ የጎረቤት ቀፎ ንብ ይጠራል፤ ዝርፊያ ከተጀመረ ደካማው ቀፎ በአንድ ቀን ባዶ ይሆናል። መሬት ላይ የፈሰሰውን በውኃ እጠቡት፤ ለጉንዳን መጥሪያ ነው። በየሦስት ቀኑ ግማሽ ሊትር ለአንድ ቀፎ በቂ ነው።

ስኳር ጉልበት ይሰጣል፣ ዕጭ ግን አያሳድግም። ዕጭ የሚያድገው በአበባ ብናኝ ነው፤ በዝናብ ወቅት ደግሞ እሱም ይጎድላል። እዚህ ላይ አባቶቻችን ያወቁት ነገር አለ፦ በሶ። በደንብ የተነፋ፣ ጨው ያልገባበት በሶ በትንሽ ማር ወይም በወፈረ የስኳር ውኃ እንደ ሊጥ አድርጋችሁ ለውሱ፣ እንቁላል የሚያህል ጠፍጥፋችሁ ፍሬሞቹ ራስ ላይ አስቀምጡ። ማሩ የራሳችሁ ቀፎ ማር ይሁን። የአተር ወይም የባቄላ ዱቄትም ይሆናል፤ ለወጥ የተዘጋጀው ሽሮ ግን በርበሬና ጨው ስላለበት አይሆንም። በሦስት ቀን ውስጥ ያልበሉትን አንሡት፤ ይሻግታል።

ደካማ ቀፎ

ሰኔ ላይ ሦስት ፍሬም እንኳ የማይሸፍን ንብ ካላችሁ ለብቻው ክረምቱን ያልፋል ብላችሁ አትድከሙ። ከሌላ ጋር አዋህዱት። የደካማውን ንግሥት አንሡ፣ በጠንካራው ሳጥን ላይ አንድ ገጽ ጋዜጣ ዘርጉና በመርፌ ጥቂት ቦታ ብሱት፣ ደካማውን ሳጥን ከላይ ጫኑ። ንቦቹ ጋዜጣውን በጥቂት ቀናት ውስጥ በልተው ሲጨርሱ ሽታቸው ተቀላቅሎ አንድ ቤት ይሆናሉ።

ጎረቤትና መርጫ

ደብረ ብርሃን ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. ከድርቡሽ ቃጠሎ የተረፈችው የንብ መንጋ ወራሪውን አባሮላት ነው ብሎ ጎንደሬ ይተርካል። ንብ በከተማችን እንዲህ ያለ ክብር አለው፤ የጎረቤት ልጅ ሲነደፍ ግን ያ ክብር ብዙ አያቆይም። ከቀፎው ፊት ሁለት ሜትር ከፍታ ያለው አጥር ወይም ችፍግ ያለ ተክል ካለ ንቡ ወደ ላይ ተነሥቶ ከሰው ራስ በላይ ያልፋል። በአቅራቢያው በግ፣ አህያ ወይም ውሻ አትሰሩ፤ የታሰረ እንስሳ መሸሻ የለውም። ለመመገብ ስትቀርቡ እንኳ የፊት መሸፈኛና ጓንት አይቅር፤ የተራበ ንብ ከጠገበው ይልቅ ግልፍተኛ ነው። የተነደፈ ሰው መንደፊያውን በጥፍሩ ፍቆ ቶሎ ያውጣ። ከንፈሩ ወይም ፊቱ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ራሱን ካዞረው ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

በከተማው ዳርቻ፣ እርሻ አጠገብ የምትኖሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። በሐምሌና በነሐሴ ለጤፍና ለስንዴ ማሳ ቱ ፎር ዲ የተባለው ፀረ አረም ይረጫል። ቅጠለ ሰፊውን አረም ሲያጠፋ ንቡ የሚጠብቀውን የመስክ አበባ ጭምር ይዞ ይሄዳል። የነፍሳት መርጫው ደግሞ ንቡን በቀጥታ ይገድላል። ባለማሳውን አነጋግሩት፦ «እባክህ ወንድሜ፣ ስትረጭ ከዋዜማው ንገረኝ፤ ቢቻል ንቡ ሳይወጣ ማለዳ ወይም ከገባ በኋላ ማታ ይሁንልኝ»። ከአንድ ሰሐን ማር ጋር የመጣ ልመና ብዙ ጊዜ ይሰማል። የሚረጭበትን ቀን ካወቃችሁ በዋዜማው ማታ መግቢያውን አየር በሚያስገባ ወንፊት ዝጉና በማግስቱ አመሻሽ ክፈቱ።

ቀፎ ለሌላችሁ

የጎንደር አሮጌ የድንጋይ ቤትና አጥር ስንጥቁ ብዙ ነው፤ የዱር ንብ ይገባበታል። ከግድግዳችሁ ንብ ሲወጣና ሲገባ ካያችሁ፣ መተላለፊያ ላይ ካልሆነና ማንንም ካልጎዳ፣ ክረምቱን እንዳለ ተዉት። በሐምሌ ቀዳዳውን በጭቃ መድፈን ወይም በጭስ ማስወጣት ዝናብ ላይ መጣል ነው፤ ሌላ ቤት ሊሠራ የሚችልበት አበባም ማርም የለም። ከጣራው የሚወርደው ውኃ በቀዳዳው ላይ የሚፈስ ከሆነ አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ ከበላዩ አዘንብሉበት። ሣሩን እጨዱ። ማዛወር ከፈለጋችሁ ጥቅምትን ጠብቁ፤ ልምድ ያለው ንብ አናቢም ይዛችሁ ሥሩ።

ለእነዚህም ለቀፎዎቹም የሚጠቅም ተክል የሚተከለው በክረምቱ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ ነው። ግራዋና ጌሾ ለአጥር፣ ጦስኝ፣ በሶብላና የጥብስ ቅጠል ለመደብ። ጓሮ ውስጥ ካለው ጎመን ጥቂት ሥር ሳትቀነጥሱ ተዉና አበባ ያውጣ፤ ቢጫው አበባ ላይ ንቡ ፀሐይ ብቅ ባለችበት ሰዓት ሁሉ ይሰፍራል።

መመገብ የሚቆመው መቼ ነው

እንቁጣጣሽ አልፎ አደይ አበባው ሲፈካ፣ ንቦች እግራቸው ላይ ቢጫ ብናኝ ጭነው ሲገቡ ስታዩ ጠርሙሱን አንሡ። የተረፈ የስኳር ውኃ ቢኖርም ድፉት። ከዚህ በኋላ የሚገባ ስኳር በቀጥታ ወደ እንጀራው ገብቶ ማር ተብሎ ይቆረጣል፤ ያን ማር ለሰው መሸጥ ማታለል ነው። መግቢያውን ወደ ቀድሞ ስፋቱ መልሱ፣ ገለባ የሞላውን ማዳበሪያ አውጥታችሁ አስጡ፣ የታችኛው ሳጥን ፍሬሞች በንብ ሲሸፈኑ የላይኛውን ሳጥን መልሳችሁ ጫኑ። ግሪሱን ግን እስከ ጥቅምት ድረስ አታንሡት፤ ጉንዳኑ ገና አልተመለሰም።